«ደክሞኛል» ስል ማንም አይሰማኝም፤ ሩማቶይድ ያለባችሁ እንዴት ነው የምትችሉት?

የአራተኛ_ፎቋ
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ውሃ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። በእኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው፣ ያውም ሌሊት። ጀሪካኖቹን ደርድሬ ቧንቧው ሥር ተቀምጫለሁ። ለብቻዬ ከምብሰለሰል እናንተን ላዋራ ብዬ ነው።

38 ዓመቴ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው»፣ «በደንብ ስላልታረስሽ ነው» ሲሉኝ ነበር የከረሙት። አሁን ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የበሽታውን መድኃኒት በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ማታ እወስዳለሁ። ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚንም አለ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ 5 ሚሊግራም ደግሞ በየቀኑ። እጄ ተመስገን ነው። እብጠቱ ቀንሷል። ቁልፍ መቆለፍ ችያለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ደርቀው ሁለት ሰዓት ይፈጁ ነበር፣ አሁን በግማሽ ሰዓት ይፈታሉ።

ያልለቀቀኝ ድካሙ ነው። ሥራ ሠርተሽ የሚመጣውን ድካም አውቀዋለሁ፤ እሱ ሲነጋ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ስነሳም አጠገቤ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ባለፈው ፀጉሬን ልታጠብ ገብቼ ሻምፑውን ከቀባሁ በኋላ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። አረፋው ዓይኔ ውስጥ እየገባ ባልዲው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ደክሞኛል» ስል ደግሞ ሁሉም «ማን ያልደከመው አለ?» ይለኛል። እውነታቸውን ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያልደከመው ሰው የለም። አማቴ ከገጠር መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ቅዳሜ ተኝቼ ሲያዩኝ «እኛ በእናንተ ዕድሜ ልጅ አዝለን እንፈጭ ነበር» ይላሉ። እጄ ሲያብጥ ያዩታል። ይሄ አይታይም፤ ምን ላሳያቸው?

እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት? ለቤተሰብስ ምን ብላችሁ ነው የምታስረዱት?

---

የሜሪላንዷ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡15

እህቴ፣ የሻምፑውን ሳነብ ሳቅም ለቅሶም ነው የመጣብኝ። የእኔ ጫማ ማሰር ነበር። አንዱን አስሬ ሁለተኛውን ሳላስር ተኝቼ አውቃለሁ፣ ያውም ደረጃው ላይ።

11 ዓመቴ ነው ከዚህ በሽታ ጋር። እኛ ቤት «ደክሞኛል» የሚባል ነገር ቀርቷል። «መብራት ሄደ» ነው የምለው። አስቢው እስቲ፣ መብራት ሲሄድ ማንም አያስጠነቅቅሽም። ወጡ ግማሽ በስሎ፣ ልብሱ ግማሽ ተተኩሶ ቀጥ ይላል። መብራቱን «ለምን ሄድክ» ብሎ የሚቆጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሻማ ነው የሚፈለገው። (ልጆቼ እዚህ ስለተወለዱ መብራት መሄድ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። እሱ ራሱ አንድ ምሽት ፈጀ።)

ሁለተኛ፣ ደህና በሆንሽበት ቀን አትታለይ። እኔ ደህና ቀን ሲመጣልኝ ቤቱን ገልብጬ አጸዳ ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ። አሁን ደህና ቀንም ይሁን መጥፎ ቀን የምሠራው እኩል ነው። አንድ ከባድ ሥራ በቀን። ልብስ ያጠብኩ ቀን ገበያ የለም። እዚህ ለመድረስ ግን አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ግትር ነኝ።

ሥራ ላይ ደግሞ ለአለቃዬ ደብቄ ሦስት ዓመት ተሰቃየሁ። አሜሪካ ኤፍኤምኤልኤ የሚባል ሕግ አለ። ሠራተኛው 50 እና ከዚያ በላይ በሆነ መሥሪያ ቤት አንድ ዓመት ከሠራሽና ሰዓትሽ ከሞላ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ትወስጃለሽ። ክፍያ የለውም፣ ግን ሥራሽ ይጠበቃል። ሐኪም ከጻፈልሽ ቆራርጠሽ፣ አንድ ቀን ወይም ጥቂት ሰዓት እያልሽ መውሰድ ትችያለሽ። ዲያስፖራ ያላችሁ፣ ይሄን ሳታውቁ ሥራ አትልቀቁ።

---

ነርስ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

እንግሊዝ አገር ነው የምሠራው። ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄን ያዙልኝ።

የአራተኛ ፎቋ፣ ጉንፋን ሲይዝሽ እንዴት ድቅቅ እንደምትዪ ታውቂያለሽ? ያንን የሚያመጣው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። ሰውነትሽ ሲዋጋ የሚረጫቸው ኬሚካሎችም ናቸው። በሩማቶይድ ደግሞ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ ነው የሚዋጋው፤ ውጊያውም አያቆምም። ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ የሚባሉት መልእክተኞች በደም ዞረው አንጎል ድረስ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጉንፋን ሳይኖርሽ የጉንፋን ድካም አለሽ።

ይሄ ብቻ ግን አይደለም። ብግነቱ፣ ማለትም ያ ውጊያ የሚያመጣው መቆጣት፣ ብረትን ሰውነት ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋልና ደም ማነስ ያመጣል። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል። ጭንቀት አለ። የታይሮይድ እጢ ችግርም ሊሆን ይችላል። ሜቶትሬክሴት በወሰዱ ማግስት የሚዝሉም ብዙ ናቸው። ብግነቱ ጋብ ካለ በኋላ እንኳ ድካሙ የማይለቃቸው ሰዎች አሉ። ሐኪሙ እጅሽን ዳብሶ «በጣም ጥሩ ነሽ» ሲልሽ አንቺ በልብሽ የምታለቅሺው ለዚህ ነው። በሙያውም ቢሆን ቆይቶ ነው የተሰማው። በሩማቶይድ የመድኃኒት ጥናቶች ሁሉ ድካምም ይለካ ብለው ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እስከዚያ ትኩረቱ እብጠቱና ሕመሙ ላይ ነበር።

ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። ሄሞግሎቢንሽ (የደም ማነስ የሚታይበት ምርመራ) ከታየ ስንት ጊዜ ሆነው? ሰኞሽ ከሌላው ቀን ይብሳል? ፕሬድኒሶሎኑን በስንት ሰዓት ነው የምትወስጂው?

---

የአራተኛ_ፎቋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ነርሷ፣ ሰኞዬን እንዴት አወቅሽው? ሰኞ ቢሮ የምሄደው ሬሳዬ ነው። የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነኝ፣ ሰኞ ሰኞ ቁጥሮቹ ይጨፍሩብኛል።

ደም ከታየልኝ ስድስት ወር ሳይሆን አይቀርም። ፕሬድኒሶሎኑን... ሁዳዴ ስለሆነ 9 ሰዓት ስፈታ ነው የምወስደው። በባዶ ሆድ አይወሰድም ስላሉኝ።

---

ነርስ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

በይ እንግዲህ። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚሰጠው አለምክንያት አይደለም። ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ጎህ ሲቀድ ነው የሚያመነጨው። ከሰዓት በኋላ ሲወሰድ ብዙ ሰው ሌሊት ዓይኑ ይፈጣል። ከሌሊቱ 9፡40 ላይ የጻፍሽልን በውሃው ምክንያት ብቻ አይመስለኝም።

የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። የሜቶትሬክሴቱን ቀንም ሐኪምሽን ጠይቂው፣ ዓርብ ማታ ቢሆን ድካሙ ቅዳሜ ላይ ያርፋል። ቀን ሲቀየር ግን መጠኑ እንዳይደረብ ተጠንቀቂ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ብቻ ነው፣ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ፕሬድኒሶሎኑንም በራስሽ እንዳታቋርጪ።

ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ከምስሩና ከጎመኑ የምታገኚውን ብረት ይይዙብሻል። አንድ ሁለት ሰዓት አሳልፊው። ሎሚ ግን ጨምቂበት፣ እሱ ያግዛል።

---

ተፈጥሮ_ፈዋሽ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እህቶቼ በኬሚካል አትቃጠሉ። ከሰባት ዓይነት ሥር የተዘጋጀ ዱቄት አለኝ። በሦስት ቀን ድካሙን ያነሳል፣ በሦስት ወር በሽታውን ይነቅላል። ደውሉ [ስልክ ቁጥሩ ተነሥቷል]

አወያይ፦ ማስታወቂያ አይፈቀድም። ጽሑፉን የተውኩት መልስ እንዲሰጥበት ነው።

---

የሜሪላንዷ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡20

ወንድሜ፣ «በሦስት ቀን ያነሳል» ያልከው ነው የሚያስፈራኝ። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 አርትሪ ኪንግ የሚባል «ተፈጥሯዊ» ክኒን ላይ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ሲመረመር ውስጡ ዴክሳሜታዞንና ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ተገኘ። ሽፋኑ ላይ አልተጻፈም። ዴክሳሜታዞን የፕሬድኒሶሎን ወንድም ነው፣ ከሱ የሚበረታ። አዎ ድካም ያነሳል! እኔንም ሰጥተውኝ ያውቃሉ፣ ሌሊት ቁም ሣጥን ሳስተካክል ነበር ያደርኩት። ሰው ሳያውቀው ወራት ወስዶ በድንገት ሲያቆም ነው ጉዱ የሚመጣው።

ዝንጅብልሽን በሻይ ጠጪ፣ ማንም አይከለክልሽም። ስሙ ያልተጻፈ ዱቄት ግን አይሆንም።

---

እናት_ከደሴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትነካካለች። 64 ዓመቴ ነው።

እኔ ይሄ ነገር ሲጀምረኝ መድኃኒቱን ትቼ ጠበል ገባሁ። ሦስት ወር ተቀመጥኩ። ነፍሴ አረፈች፣ ጣቶቼ ግን ተጣመሙ። ያኔ የተጣመመው አልተመለሰም። ጠበሉን አልነቅፍም፣ ይቅር ይበለኝ። ዛሬም እጠመቃለሁ። ክኒኔን በዚያው በጠበሉ ነው የምውጣት። አባም ያውቃሉ።

አንቺ የአራተኛ ፎቅ ልጅ፣ እኔም አማት ነኝ። አማትሽ የማያምኑሽ ክፋት ይዟቸው አይደለም። በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ተኝታ የምትታየው ስትወልድና ስትሞት ነው። ምራቴ ብትነግረኝ እኔም አልሰማትም ነበር። ቀጠሮሽ ሲደርስ ይዘሻቸው ሂጂ። «ብቻዬን እፈራለሁ፣ ይሸኙኝ» በያቸው። አማት ተለምና እምቢ አትልም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሲነግራቸው ይሰማሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ። ደግሞ ያንን ጀሪካን 20 ሊትሩን ከሆነ የምታነሺው ተዪው። የዘይት ጀሪካን አለ፣ አምስት ሊትሩ። በእጅሽ ሳይሆን በክንድሽ እቀፊው።

---

ባል_ነኝ_እኔ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡45

የምጽፈው በማፈር ነው። ባለቤቴ 6 ዓመት ሆናት። የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ስንፍና ነው የቆጠርኩት። አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም፣ ግን ፊቴ ይናገር ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሷ ሆስፒታል ተኝታ የቤቱን ሥራ እኔ ሠራሁት። ልብስ በእጅ፣ ገበያ፣ ሊጥ ማቅጠን፣ ከዚያ ምጣዱ። የመጀመሪያው እንጀራ የኢትዮጵያ ካርታ ሆኖ ወጣ፣ ሁለተኛው ምጣዱ ላይ ቀረ። ማታ ወገቤን ይዤ ስተኛ፣ እኔ ጤነኛው ነኝ እኮ አልኩ።

ከዚያ በኋላ እንጀራ ከሱቅ ነው የምንገዛው። እናቴ «የሱቅ እንጀራ!» ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችን። አለፈ። ሽንኩርት የሚከተፈው ተቀምጦ ነው፣ ኩሽናዋ ውስጥ በርጩማ ገብቷል። ቡናውን አልተወችም፣ እሱን ብትተው ትሞታለች። ግን የምትቆላው ልጃችን ናት። እሷ አቦሉን ጠጥታ ቶናው ላይ ትነሳለች። ጎረቤት መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ በረካ ሳይጠጣ ይነሳል ወይ እየተባለ። አሁን ሲያዩዋት ራሳቸው «ተነሺ፣ ተነሺ» ይሏታል።

የግል ድርጅት ነኝ ስላልሽ፣ አዋጅ 1156/2011ን አንብቢው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ተከታታይ መሆን የለበትም፣ ተቆራርጦም ይወሰዳል። ባለቤቴ ይሄን ሳናውቅ የዓመት ፈቃዷን ሁሉ ተኝታ ጨረሰችው።

---

በእግሩ_የሚሄደው
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ወንዶችም አለን እዚህ። ሴቶች በሁለት በሦስት እጥፍ ይበልጡናል እንጂ በሽታው ፆታ አይመርጥም። 29 ዓመቴ ነው። ጓደኞቼ «የአያቶች በሽታ» ይሉኛል።

እኔን ያዳነኝ መራመድ ነው። ሲደክመኝ እሄዳለሁ። ከቤቴ እስከ ሱቁ 5 ደቂቃ ብዬ ጀመርኩ። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየጨመርኩ አሁን 25 ደርሻለሁ። ተኝቼ በዋልኩ ቁጥር ድካሙ ይብስብኝ ነበር።

---

ጉልበት_ከየት_ይምጣ
ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡30

ይቅርታ አድርግልኝና ሲደክማችሁ ሂዱ የሚል ሰው ይገርመኛል። እኔ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ነው የሚደክመኝ። ባለፈው አንዱ እንዲህ ብሎኝ ፒያሳ ወጥቼ አስፋልት ዳር ቁጭ አልኩ፣ ሰው ምጽዋተኛ መስዬው አምስት ብር ሰጠኝ። 29 ዓመት ሌላ ነው፣ 51 ዓመት ሌላ ነው።

---

በእግሩ_የሚሄደው
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡15

እትዬ፣ ይቅርታ። «ያዳነኝ» ማለት አልነበረብኝም። እኔም ሲያገረሽብኝ አልሄድም። ባለፈው ጉልበቴ አብጦ 10 ቀን ተኝቻለሁ። (አምስት ብሯን ግን ምን አደረጓት?)

---

ነርስ_ነኝ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡00

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ኮክሬን የሚባለው የጥናት ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2013 ያለመድኃኒት ድካምን ስለሚቀንሱ ነገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። እንቅስቃሴ ይረዳል፣ የሥነ ልቦና ድጋፍም ይረዳል አለ። ግን ልኩ ትንሽ ነው። ተአምር የሚያወራላችሁን አትመኑ።

ዋናው አጀማመሩ ነው። እትዬ፣ ለእርስዎ ፒያሳ ሩቅ ነው። አልጋ ላይ እንዳሉ ቁርጭምጭሚት ማዞር፣ ከወንበር አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ፣ ለሳምንቱ ይሄ ይበቃል። መገጣጠሚያው ያበጠና የሚያተኩስ ከሆነ እሱንም ይተዉት። ልብዎ ድው ድው የሚል፣ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ ግን የሩማቶይድ ድካም ነው ብለው አይለፉት፣ ይታዩ።

---

ጉልበት_ከየት_ይምጣ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡25

ለቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት ሰጠኋት፣ ምን አደርጋታለሁ።

ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ያጥራል። እታያለሁ።

---

ስሜ_ይቅር
ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 8፡00

አረብ አገር ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት። ጽሑፋችሁን ሁሉ አነበብኩ። እኔ ምርመራ የለኝም። ግን ሁለቱም እጄ ካበጠ ሦስት ወር ሆነው፣ ጠዋት ጨርቅ መጭመቅ አልችልም። ድካሙ እንደምትሉት ነው። እዚህ ግን መብራት ሄደ አይባልም፣ ከጠዋት እስከ ሌሊት መቆም ነው። ማዳም ፓናዶል ትሰጠኛለች። ምን ላድርግ?

---

ነርስ_ነኝ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡40

የኔ እህት፣ ሁለቱም እጅ፣ ሦስት ወር፣ ጠዋት የሚብስ፣ ይሄ መታየት አለበት። ፓናዶል ሕመሙን ያስታግስ ይሆናል፣ መገጣጠሚያውን ግን አይጠብቅልሽም። በዚህ በሽታ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወሳኝ ናቸው። ለማዳምሽ ስለ ድካሙ አትንገሪያት፣ እጅሽን አሳያት። ጠዋት ገና ሲያብጥ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ላይ ኢንሹራንስ ካለ ካርዱን ጠይቂያት። የት አገር እንዳለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

---

የሜሪላንዷ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ስሜ ይቅር፣ አለሽ? ነርሷ ትጠብቅሻለች።

---

የአራተኛ_ፎቋ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20

ጠፋሁባችሁ። ዜናዬን ይዤ መጥቻለሁ።

ሄሞግሎቢኔ 9.6 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የብረቱንና የታይሮይዱንም ምርመራ ጨምሮ አየልኝ። ታይሮይዱ ደህና ነው። ደም ማነሱ ግማሹ ከብግነቱ ነው፣ ግማሹ የብረት እጥረት ነው አለኝ። ብረት ጀመርኩ፣ የሜቶትሬክሴቱንም መጠን ጨመረልኝ። ቀኑ ወደ ዓርብ ማታ ተዛውሯል። ቅዳሜን ለእሱ ሰጠሁት፣ የኔ ቀን አይደለም ብዬ። ሰኞ ግን ተመልሶልኛል።

የንስሐ አባቴ ሳልጨርስ ነው የፈቀዱልኝ። «ማን ጹሚ አለሽ?» ብለው ተቆጡኝ ጭራሽ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሽሮ ፍርፍር ክኒኔን እወስዳለሁ። እንቅልፌ ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ድካሙ አልሄደም። በሳምንት ስድስት ቀን የነበረው ሦስት ቀን ሆኗል። ሦስቱ ቀን ግን ያው ነው፣ አላጋነንም።

አማቴን ይዤ ሄጄ ነበር። እናት ከደሴ፣ እጅዎን እስማለሁ። ሐኪሙ «ልጅዎ ዕለት ዕለት የጉንፋን ያህል ታማ ነው የምትውለው» ሲላቸው ዝም አሉ። ታክሲ ውስጥም ዝም። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ጎናቸውን መታ መታ አደረጉልኝ፣ ተቀመጪ ለማለት። እሳቸው ደክሟቸው ይሁን ለእኔ ብለው እስካሁን አላወቅሁም። ትናንት ጎረቤት መጥታ ስትጠይቀኝ «መብራት ሄዶባታል፣ ማታ ነይ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሴትየዋ አምፖሉን ቀና ብላ አየች። በርቷል።

ውሃውን ባሌ ነው የሚቀዳው። አምስት ሊትር የገዛሁትን ጀሪካን ልጄ ወስዶ ከበሮ አድርጎታል።

ስሜ ይቅር የጻፈች አለች? እኔ አላየሁም።

---

ነርስ_ነኝ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

አልጻፈችልኝም። በየቀኑ አያለሁ።

---

የሜሪላንዷ
እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡30

እኔም እጠብቃታለሁ። የአራተኛ ፎቋ፣ የሻምፑው ነገርስ ምን ሆነ?

---

የአራተኛ_ፎቋ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ፀጉሬን አጭር ተቆረጥኩት። አማቴ አኩርፈዋል።